ኑሩበት፣ አከራዩት

ቤት ገዝቶ ማከራየት የባለጸጋ ሥራ ነው ያለው ማነው? ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ አውሮራም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ሐበሻ ቡና ከቦ በተቀመጠበት ሁሉ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ይወድቃል። እገሌ ሦስተኛውን ገዛ። የእገሊትን ሞርጌጅ ተከራይ እየከፈለላት ነው። ከመካከል አንዱ «እኔማ መቶ ሺህ ዶላር ከየት አባቴ አመጣለሁ!» ይልና ሲኒውን ያስቀምጣል፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ወንድሜ፣ እህቴ፣ መቶ ሺህ ዶላር አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ራሳችሁ የምትገቡበት ቤት፣ የተስተካከለ ወረቀትና የአንድ ሁለት ዓመት ትዕግሥት ነው። ገንዘቡ ከምትገምቱት ያንሳል፤ ወረቀቱ ከምትገምቱት ይበዛል። ብዙ ሰው ስለ ገንዘቡ ሲጨነቅ ወረቀቱን ይረሳና ገንዘቡ የሞላለት ቀን ባንክ ደጃፍ ላይ ይቆማል።

መቶ ሺህ የሚለው ቁጥር ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። 400,000 ዶላር የሚያወጣ ዱፕሌክስ አለ እንበል፤ ሁለት መግቢያ፣ ሁለት ማድ ቤት ያለው ቤት። ሙሉውን ለማከራየት ብላችሁ ብትገዙት መደበኛው አበዳሪ 25 በመቶ ዳውን ፔይመንት፣ ማለትም ቅድመ ክፍያ፣ ይጠይቃችኋል፤ ይኸው 100,000 ዶላር። ያንኑ ቤት በአንዱ ክፍል እየኖራችሁ ሌላውን ለማከራየት ከገዛችሁት ግን በኤፍኤችኤ ብድር 3.5 በመቶ ይበቃል፤ 14,000 ዶላር ማለት ነው። ቤቱ ያው ቤት፣ ሻጩም ያው ሻጭ። ልዩነቱን የሚያመጣው የእናንተ ፍራሽ የሚነጠፍበት ቦታ ነው።

ይህ ደንብ የመጣው በክፉ ቀን ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ሲጠፋና ባንኮች ሲዘጉ፣ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የዋጋውን ግማሽ ያህል ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መክፈል ነበረበት። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍኤችኤ፣ ራሱ ገንዘብ አያበድርም። ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ባንኩ እንዳይጎዳ ዋስ ይሆናል፤ ለዚህም ከተበዳሪው የኢንሹራንስ ክፍያ ይሰበስባል። ዋስ ያለው ባንክ ደግሞ ልቡ ይሰፋል፤ እኛ እቁብተኞች ይህን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

ደንቡ እስከ አራት መኖሪያ ያላቸውን ቤቶች ይፈቅዳል። ክሬዲታችሁ 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 3.5 በመቶ፣ ከ500 እስከ 579 ከሆነ 10 በመቶ ይጠይቃል፤ ብዙ አበዳሪዎች ግን የራሳቸውን ከፍ ያለ ገደብ ይጨምራሉ። ቤቱን በገዛችሁ በ60 ቀን ውስጥ መግባትና ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ግዴታ ነው። ኤፍኤችኤ ያልሆነውም በር ሰፍቷል። ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜይ ከኅዳር 2023 ወዲህ ባለቤቱ ለሚኖርበት ከሁለት እስከ አራት መኖሪያ ላለው ቤት 5 በመቶ ዳውን ፔይመንት ይቀበላል፤ ከዚያ በፊት ለዱፕሌክስ 15፣ ለባለ ሦስትና ባለ አራት መኖሪያ 25 በመቶ ነበር። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ ደግሞ በቪኤ ብድር ያለ ምንም ዳውን ፔይመንት ሊገዛ ይችላል። በየቤታችን ሠራዊት የገቡ ልጆች አሉና ጠይቋቸው።

ሂሳቡን እስከ ታች እናውርደው። ቤቱ 400,000፣ ዳውን ፔይመንቱ 14,000፣ ቀሪው 386,000 ነው። ኤፍኤችኤ ከብድሩ 1.75 በመቶ የመግቢያ ኢንሹራንስ ያስከፍላል፤ 6,755 ዶላር ይሆናል፣ ብዙዎች ብድሩ ላይ ያስደምሩታል። ወለዱን 6.5 በመቶ ብንይዝ የ30 ዓመቱ ወርሃዊ ክፍያ 2,482 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 0.55 በመቶ የሚታሰበው ኢንሹራንስ በወር 177 ይመጣል። ለንብረት ታክስና ለቤት ኢንሹራንስ 550 እንመድብ። ድምሩ 3,209። ሌላኛው ክፍል በ1,700 ቢከራይ ከኪሳችሁ የሚወጣው 1,509 ነው። ዛሬ ለአፓርታማ ስንት ትከፍላላችሁ?

የክሎዚንግ፣ ማለትም የግዢው መዝጊያ፣ ወጪ ለብቻው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ዋጋ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይሄዳል። ይህ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ቦታ ነው፤ ግን በኤፍኤችኤ ደንብ ሻጩ እስከ 6 በመቶ ድረስ ሊሸፍንላችሁ ይችላል። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሻጭ ይለመናል። መለመን ነውር የለውም፤ እናቶቻችን መርካቶ ውስጥ ለአንድ ነጠላ የሚከራከሩትን ያህል ለቤት ካልተከራከርን የት ልንከራከር ነው?

ሌላው መልካም ዜና አበዳሪው የምታከራዩትን ክፍል ኪራይ እንደ ገቢ መቁጠሩ ነው። ሙሉውን ግን አይቆጥርም፤ ቤቱ ባዶ የሚቀመጥበትንና የሚጠገንበትን ጊዜ አስቦ 75 በመቶውን ይወስዳል። ስለዚህ 1,700 የሚከራየው ክፍል በወር 1,275 ዶላር ይጨምርላችኋል። ባለ ሦስትና ባለ አራት መኖሪያ ቤት ላይ ኤፍኤችኤ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው፦ የሁሉም ክፍሎች ኪራይ 75 በመቶ ወርሃዊውን ክፍያ መሸፈን አለበት። ቤት ውድ በሆነበት ከተማ ይህን የሚያልፍ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ለጀማሪ ዱፕሌክስ ይሻላል ባይ ነኝ።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ቺካጎ ውስጥ መንገዱን ሞልተው የምታዩዋቸው ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤቶች፣ ቦስተን ውስጥ ያሉት ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከአውሮፓ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች አንዱን ፎቅ እየኖሩበት ሌላውን እያከራዩ የከፈሏቸው ናቸው። እንግሊዝኛቸውም ከእኛ የተሻለ አልነበረም።

አሁን ወደ 14,000ው እንምጣ። ሐበሻ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከእቁብ። እዚህ ላይ እቁብ የሚጥለው ሰው አብዛኛው የማያውቀው፣ እኔም ሳነብ ያስፈነደቀኝ ነገር አለ። የኤፍኤችኤ መመሪያ መጽሐፍ ሰዎች ተሰባስበው ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር በስሙ ጠርቶ፣ ከዚያ የደረሰ ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት ተቀባይነት እንዳለው ይገልጻል። የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፦ ማኅበሩ መኖሩና ከመቼ ጀምሮ እንደቆየ፣ መዝገቡና ደረሰኙ፣ ገንዘብ ያዡ ማኅበሩ አሁንም እንዳለ የሚሰጠው ማረጋገጫ፣ ገንዘቡም ተቆጥቦ የተጠራቀመ እንጂ ብድር አለመሆኑ። ፋኒ ሜይም እንዲህ ያለ የጋራ ቁጠባ ይቀበላል፤ በየጊዜው መክፈላችሁ በጽሑፍ ከታየ።

እንግዲህ እቁባችሁን ለባንክ ዓይን አዘጋጁት። ሰብሳቢው ስም፣ ቀንና መጠን ያለበት መዝገብ ይያዝ። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ፖስታ መሆኑ ቀርቶ በቼክ ወይም በዜል ይሁን፤ ዱካው በባንክ ወረቀት ላይ ይታያል። ሲደርሳችሁም በአንድ ቼክ ተቀብላችሁ ባንክ አስገቡት። አበዳሪ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የባንክ ወረቀት አይቶ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካገኘ «ይህ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «እቁብ ነው» ብሎ ፈገግ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መዝገቡን ከፊቱ መዘርጋት ያስፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ግን የሚያስረዳለት ስለሌለ ዛሬውኑ ባንክ ይግባ፤ ቤት ልትገዙ ከማሰባችሁ ከወራት በፊት።

አሁን ደግሞ ዕጣው። እንደ ልማዳችን መጀመሪያ የወጣለት ዕድለኛ ነው፤ ይመረቃል፣ ይጋበዛል። ቤት ለሚገዛ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ሃያ ሰው በወር አንድ ሺህ ዶላር የሚጥልበት እቁብ ውሰዱ። በመጀመሪያው ወር 20,000 የደረሰው ሰው ከዚያ ውስጥ የራሱ አንድ ሺህ ብቻ ነው፤ ቀሪውን በ19 ወራት ገና ሊከፍለው ነው። ፋኒ ሜይ ያንን ቀሪ የወር መዋጮ እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል፤ ኤፍኤችኤ ደግሞ ገንዘቡ ብድር ነው ሊለው ይችላል። መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው ግን 20,000ው ሙሉ በሙሉ የራሱ ቁጠባ ነው፤ ማንም የሚከራከረው የለም። ስለዚህ ዕጣ ቀድሞ ከወጣላችሁ ለቸገረው ሰው ለቃችሁ መጨረሻውን ውሰዱ። ምርቃቱን ሁለት ጊዜ ታገኙታላችሁ።

ከእቁብ ሌላ ስጦታ አለ። በኤፍኤችኤ ዳውን ፔይመንቱ ሙሉ ለሙሉ ከቤተሰብ የተሰጠ ሊሆን ይችላል፤ ሰጪው ገንዘቡ እንደማይመለስ ፈርሞ፣ ከየት ወደ የት እንደተላለፈ በባንክ ወረቀት ከታየ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች የሚሰጡት የራሳቸው የድጋፍ ፕሮግራም አላቸው። በወለድ ምክንያት ወደ ኋላ ያላችሁ ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ወለድ የሌለበት የጋራ ባለቤትነት ውል የሚሠሩ ተቋማት እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ስላሉ በሩ ለእናንተም ክፍት ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ፈተና ገንዘቡ ላይ ሳይሆን ታክሱ ላይ ነው። ፓርኪንግ፣ ሆቴል ወይም ነርሲንግ ሆም በደብልዩ-2 የሚሠራ ሰው ነገሩ ይቀለዋል፤ ኦቨርታይሙና ሁለተኛ ሥራው የሁለት ዓመት ታሪክ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ይቆጠርለታል። ታክሲና ኡበር የሚነዳው ወገናችን ግን የሚታይለት ከወጪ ቀሪው ትርፍ ብቻ ነው። በሚያዝያ ወር ሒሳብ ሠሪው «ምንም አትከፍልም!» ሲለው ደስ ብሎት ይወጣል፤ ከዓመት በኋላ ያው ወረቀት አበዳሪው ፊት ቀርቦ «ይህ ሰው ገቢ የለውም» ይላል።

በቁጥር እንየው። በ2024 ዓመቱን ሙሉ 75,000 ዶላር ያስገባ ሹፌር አለ። 40,000 ማይል ነድቷል፤ የዚያ ዓመት የታክስ የማይል ተመን 67 ሳንቲም ስለነበር 26,800 ዶላር ይቀነሳል። ለኩባንያው ኮሚሽንና ለሌላ ወጪ 15,000 ይያዝ። ቀሪው 33,200 ነው፤ በወር 2,767 ገደማ። ብዙ ሹፌር እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ግን ከ67 ሳንቲሙ ውስጥ 30 ሳንቲሙ የመኪናው የእርጅና ቅናሽ ነው፤ በዓመቱ ከኪስ የወጣ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ አበዳሪ 40,000 ማይሉን በ30 ሳንቲም አባዝቶ 12,000 ዶላር ወደ ገቢው ይመልሳል። 33,200ው 45,200 ሆነ፤ በወር 3,767። የወር ገቢ በአንድ ሺህ ዶላር ሲጨምር፣ ለዕዳ የሚፈቀደውን 43 በመቶ ብንይዝ፣ በ6.5 በመቶ ወለድ ወደ 68,000 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ብድር ማለት ነው። አንድ መስመር ሒሳብ! አበዳሪያችሁ ይህን የማይል ስሌት ሳይሠራ «አይቻልም» ካለ ሌላ አበዳሪ ፈልጉ።

አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ታክስ አማካይ ስለሚታይ ዘንድሮ የምትሞሉት ወረቀት የከርሞውን ቤት ይወስናል። ያለ አግባብ የተቆለለ ወጪ ቢቀር ትንሽ ታክስ ይጨምራል፤ ያንን ታክስ እኔ ከዳውን ፔይመንቱ ወጪ ለይቼ አላየውም።

ክሬዲት ላይ ብዙ አልቆይም። ክፍያን በሰዓቱ መፈጸም ከነጥቡ 35 በመቶውን ይይዛል። የካርዱን ጣሪያ አትንኩ፤ ከ30 በመቶው በታች ተጠቀሙ። ለዘመድ መኪና አትፈርሙ፤ ዘመዱ ቢቀየም ይቀየም፣ ቤት ስትገቡ ትጠሩታላችሁ።

በየሆቴሉ አዳራሽ «ያለ አንዲት ሳንቲም ሚሊየነር ሁኑ» እያሉ ሥልጠና የሚሸጡትን በተመለከተ፣ ለእነሱ የምትከፍሉት ሺህ ዶላሮች የዳውን ፔይመንታችሁ ቁራሽ መሆናቸውን ብቻ ላስታውስ። የሚያስተምሩት ሃርድ መኒ የሚባለው ብድር እውነት ነው፣ አለ፤ ወለዱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ፣ ጊዜው አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ቤት አድሶ መሸጥ ለሚያውቅ ሰው የሥራ መሣሪያ ይሆናል፤ ለጀማሪ ግን እንቅልፍ ማጣት ነው። በአንጻሩ በመንግሥት የጸደቁ የቤት ገዢ አማካሪዎች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይመክራሉ። ማንም አዳራሽ ተከራይቶ ስለማያስተዋውቃቸው ብቻ አናውቃቸውም።

ደግሞ አንድ ፈተና አለ፦ «እኖርበታለሁ» ብሎ ፈርሞ አለመኖር። አንዳንዱ እንደ ብልጠት ይነግራችኋል። በፌዴራል ሕግ ለአበዳሪ ሆን ብሎ ሐሰት መናገር እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የሚያደርስ ወንጀል ነው። ደግሞስ ምን አስቸኮለ? ዓመቱ ያልፋል። አንድ ዓመት ከኖራችሁበት በኋላ ሥራም ቤተሰብም ወደ ሌላ ቤት ቢወስዳችሁ የነበራችሁበትን ክፍል አከራይታችሁ ሌላ ዱፕሌክስ በ5 በመቶው ብድር መግዛት ትችላላችሁ። ኤፍኤችኤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በአንድ ጊዜ ለአንድ ቤት ብቻ ስለሚፈቅድ ለሁለተኛው ፋኒ ሜይ ይሻላል። በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ዕቃ መጫን የማይከብዳቸው ባልና ሚስት በስድስት ዓመት ውስጥ የሦስት ዱፕሌክስ፣ ማለትም የስድስት መኖሪያ ባለቤት ይሆናሉ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይገቡ መጀመር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

አከራይነት የራሱ ዓለም ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆነ ዲሲ ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ፈቃድ የሌለው ቤዝመንት ደግሞ ተከራይ ሲጣላችሁ እናንተኑ ያስከስሳል። «ለሐበሻ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አትለጥፉ። በ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ መሠረት በትውልድ አገር፣ በዘር ወይም በሃይማኖት የሚመርጥ ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ ባለቤቱ እዚያው ቤት ቢኖርም ያው ነው። የሀገር ልጅ ነው ብላችሁም ያለ ውል ቤት አትስጡ። ውል ከሌለ ወር ሲሞላ «ጋሼ፣ ትንሽ ታገሡኝ» የሚለው ድምፅ ይመጣል፤ ለጋሼነት ደግሞ ባንክ አይታገሥም። የማሞቂያው ቦይለር በጥር ብርድ መካከል መቆሙ የማይቀር ስለሆነ ከመጀመሪያው ኪራይ ጀምሮ ለጥገና የሚሆን ወደ ሌላ ሒሳብ አውጡ፤ የሦስት ወር ሙሉ ክፍያ እስኪጠራቀም ድረስ አትንኩት።

የወለዱ ነገር «ትንሽ ይውረድና» የሚያሰኛቸው አሉ። በ2021 መጀመሪያ የ30 ዓመት ወለድ ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ በ2023 መከር ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። ያንን አስቀድሞ ያወቀ ሰው የለም። ወለድ ሲወርድ ብድር በአዲስ ይቀየራል፤ የገዛችሁበት ዋጋ ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። ዛሬ ባለው ወለድ ሒሳቡ ከቆመ ግዙ፤ ካልቆመ ወለድ እስኪወርድ ወረቀታችሁን አስተካክሉ።

በዚህ ሳምንት የሚሠራው ትንሽ ነው። ከሦስቱ ክሬዲት መዝጋቢዎች ነጻውን ሪፖርት አውጥታችሁ የማታውቁት ዕዳ ካለበት ተቃወሙ። የሁለት ዓመት ታክስ ወረቀታችሁን በአንድ ፎልደር አድርጉ። ለእቁቡ ሰብሳቢ ደውሉና መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ ተነጋገሩ። ከዚያ ቢያንስ ለሦስት አበዳሪዎች ደውላችሁ «400,000 ዶላር ለሚያወጣ፣ እኔ ለምኖርበት ዱፕሌክስ የኤፍኤችኤውንና የ5 በመቶውን ብድር ጎን ለጎን አስላልኝ» በሉ። ወርሃዊውን ክፍያ፣ ክሎዚንግ ላይ ይዛችሁ የምትመጡትን ገንዘብ፣ ኢንሹራንሱም መቼ እንደሚነሳ ጠይቁ። የኤፍኤችኤው በ3.5 በመቶ ለገዛ ሰው ቤቱን እስኪሸጥ ወይም ብድሩን እስኪቀይር ድረስ ይቆያል፤ የ5 በመቶው ብድር ኢንሹራንስ ግን ዕዳው በበቂ ሁኔታ ሲቀንስ ሊነሳ ይችላል። ማመልከቻ ካስገባችሁ አበዳሪው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ የወጪ ግምቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ሕጉ ያስገድደዋል። ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸውና በጣም ውድ ዋጋ ወደሰጠው መልሳችሁ ደውሉ፤ የርካሹን ዋጋ ስትነግሩት ብዙ ጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል።